ታቦርን ላልወጣ ጉልበት የሐይቁ ዳርቻ ይበቃዋል

ሐዋሳ ደርሶ የተመለሰ ሰው ሁለት ጥያቄ አያመልጠውም። «ዓሣ በላህ?» እና «ታቦርን ወጣህ?» የሚሉት ናቸው። ለመጀመሪያው መልስ አለኝ። ለሁለተኛው ግን… ጉልበቴን ጠይቁት!

መቼም ሃምሳን የተሻገረ ሰው ስለ ጉልበቱ ማውራት ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። እኔ ግን አጠር ላድርገው። ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ፣ «ቀኝ ጉልበትህ ውስጥ አጥንትና አጥንት እንዳይፋተጉ የሚከላከለው ሽፋን ሳስቷል። ስኳርህም ድንበር ላይ ቆሟል። ክብደት ቀንስ፣ ተንቀሳቀስ» አለኝ። እንግዲህ እንቆቅልሽ! ክብደት ለመቀነስ መንቀሳቀስ ያስፈልጋል፤ ለመንቀሳቀስ ጉልበት ያስፈልጋል፤ ጉልበቱ ደግሞ ይህን ክብደት አልሸከምም ብሏል። ካልፈታችሁት አገር ስጡኝ!

ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ከእኛው ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። እግራቸው እምቢ ካላቸው ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙት በረንዳቸው ላይ ቆመው ነው። እሳቸውን ባየሁ ቁጥር የራሴን ደረጃ እቆጥራለሁ። በዚህ ሐሳብ ተጠምጄ ሳለሁ ነው የዘመድ ጉዳይ ገጥሞኝ ሐዋሳ ወርጄ አሥር ቀን የከረምኩት።

ሜዳ ማለት ምን ማለት እንደሆነ

የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከተቀመጠችው አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ትንፋሹ ሳይቀር ዘና ይልለታል። ከሁሉ በላይ ግን ሜዳ ናት! አዲስ አበባ ላይ ዳቦ ልግዛ ብላችሁ ብትወጡ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ሐዋሳ ላይ ብስክሌት እንደ ልብ የሚነዳው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወደ ሐይቁ ወጣ በሉ። ወጣቶቹ ላብ በላብ ሆነው ወደ ታቦር ተራራ ይሮጣሉ። በዳርቻው ደግሞ ሌላ ሰልፍ አለ። ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች፣ ከዘራ የያዙ ጡረተኞች፣ ሆዳቸውን ቀድመው የሚሄዱ የእኔ ቢጤዎች… ቀስ እያሉ ይራመዳሉ። ዛፉ ላይ ጉሬዛው ይዘላል። ማንም ማንንም አይቀድምም።

እንቆቅልሼን የፈቱልኝ እዚያ የተዋወቅኳቸው አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ስትሮክ መቷቸው ግራ እግራቸው ይጎተታል። ከዘራቸውን በቀኝ እጃቸው ይይዛሉ፤ ለካ ከዘራ የሚያዘው ከደካማው እግር በተቃራኒ ኖሯል! ከአንዱ ዋርካ እስከ ሌላው ይሄዳሉ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ ይላሉ፣ ይመለሳሉ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።

«ስንት ጊዜ ሆነዎት?» አልኳቸው።

«ስድስት ዓመት።»

«ቀርተው አያውቁም?»

«ሲዘንብ በረንዳዬ ላይ እሄዳለሁ። አየህ ልጄ፣ ጀግንነት የአንድ ቀን ነው። ልማድ ግን ዕድሜ ልክ ያኖራል።»

የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከእሳቸው ጋር ይስማማል። ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ አካል ጉዳት ያለባቸውንም ጭምር። ለሰባት ቀን ስታካፍሉት በቀን ከ22 ደቂቃ አይበልጥም። በአንድ ጊዜ ካልሆነ ዋጋ የለውም የሚባልም ነገር የለም። ጥቂቱ ከምንም ይሻላል ነው የሚለው። እኔም በመጀመሪያው ቀን አምስት ደቂቃ ሄጄ አረፍኩ። በአሥረኛው ቀን ጠዋት አሥር፣ ማታ አሥር ደቂቃ ገብቼ ነበር።

አሞራ ገደል ላይ የተሰጠኝ ትዕዛዝ

ሐዋሳ ሄዶ አሞራ ገደልን ያላየ ሄድኩ አይበል። ማለዳ ጀልባዎቹ ቆሮሶውንና አምባዛውን ያወርዳሉ። አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌዎች ጉባኤ ተኮፍሰው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ጥሬውን በዳጣ የሚበላም አለ። እኔ ግን አልመክርም፤ ጥሬ ዓሣ ጥገኛ ትል ሊያስተላልፍ ይችላል።

ዓሣ ከምታበስል አንዲት ሴት ዘንድ ተቀምጬ ሾርባ አዘዝኩ።

«ጋሼ፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?» አለችኝ ድስቱን እያማሰለች።

«ድንበር ላይ ነህ ተብያለሁ።»

«እንግዲያው ድንበሩን አይሻገሩ!» ብላ ሳቀች። ሾርባውን በሎሚና በቃሪያ፣ እንጀራውንም ግማሽ አድርጋ አቀረበችልኝ። ጠገብኩ!

አንባቢዎቼ፣ ዓሣ ጥሩ ነው እያልን በዘይት አስጥመን ካወጣነው ምኑን ጥሩ ሆነ? አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ያህል አለው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ልተወውና፣ የጾም ወጣችንስ ቢሆን? ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ ግሩም ምግብ ነው፤ ግን ብዙ ቤት ዘይት ላይ ይዋኛል። ቡናችንንም ቁጠሩት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር ከተጨመረባቸው በአንድ ቁጭታ ስድስት የሻይ ማንኪያ ሆነ። ይህ ወደ 25 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቀኑን ሙሉ ከዚህ ባይበልጥ ይመረጣል የሚለው መጠን ማለት ነው።

ዳገት አገር ስመለስ

ታዲያ ሐዋሳን በሻንጣ ይዞ መምጣት አይቻልም። ልማዱን ግን ይዤ መጣሁ።

አንደኛ፣ የምሄደው ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ፣ ከብሎክ ብሎክ፣ ሜዳ ሜዳውን ነው። በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማት የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችም ለእኔ ቢጤ ተመችተዋል። ልክ የማውቅበት ዘዴ አለኝ፤ ከሄድኩ ሁለት ሰዓት በኋላ ጉልበቴ ከበፊቱ ብሶ ካመመኝ በማግስቱ እቀንሳለሁ እንጂ አልተውም።

ሁለተኛ፣ የማታ ዜና ሲጀምር ወንበር ላይ እቀመጥና አንድ እግሬን ቀጥ አድርጌ ዘርግቼ እስከ አምስት እቆጥራለሁ፤ ከዚያ አወርደዋለሁ። ለእያንዳንዱ እግር አሥር ጊዜ። የታፋ ጡንቻ ሲጠነክር የጉልበትን ሸክም ያግዛል። ቁም ነገሩ ከዜናው ጋር ማያያዜ ነው። ዜናው ሲመጣ እግሬ ራሱ ያስታውሰኛል።

ሦስተኛ፣ ደረጃ ስወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ስወርድ የታመመው። «ጤነኛው ወደ ላይ፣ ታማሚው ወደ ታች» ብላችሁ ያዙት።

አራተኛ፣ በቤታችን ዘይት የሚለካው በማንኪያ ሆኗል። እንጀራ በአንድ ማዕድ አንድ፣ ጎመንና ምስር እንደ ልብ። ቡናዬ ውስጥ ግማሽ ማንኪያ ስኳር። ጨርሼ ልተወው አላልኩም፤ ጨርሶ መተው ሳምንት አይዘልቅማ!

ይኸው ስምንት ወር ሆነው። ጉልበቴ ድኗል አልልም፤ አልዳነም። ግን 6 ኪሎ ቀንሻለሁ። የጉልበት ሕመምተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከሰውነት የሚቀንስ አንድ ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ሸክም ያወርዳል። ስድስቱን በአራት አባዙት! ከወፍጮ ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ የማይሸከሙትን ዱቄት እንዳወረዱ ቁጠሩት። ለሦስተኛ ፎቋ እናትም የወንበሯን ነገር ነግሬያቸው በረንዳቸው ላይ ይዘዋታል። ባለፈው ሳምንት በልጃቸው ተደግፈው እስከ ሁለተኛ ፎቅ ወርደው ተመለሱ። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ አጨበጨብኩ።

አደራ! ጉልበታችሁ ካበጠ፣ ከቀላና ከጋለ፣ ስትራመዱ ደረታችሁን ከወጋችሁ፣ ወይም ስኳር ኖሮባችሁ እግራችሁ ላይ ቁስል ካያችሁ፣ የእኔን ጽሑፍ አስቀምጡና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሌላው ግን ነገ ጠዋት አምስት ደቂቃ ይጀምር፤ ከነገ ወዲያም ይድገመው።

ቸር እንሰንብት!