በአውቶቡስ የመጣው ኢሜጅ

ከታኅሣሥ 24 እስከ መጋቢት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በወለጋ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በቄለም፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉድሩ ስልኩም አብሮ ጠፋ። በምሥራቅ ወለጋ በትልልቅ ከተሞች ስልክና አጭር መልእክት ስለሚሠራ፣ ነቀምት ያለን ሰዎች ከጊምቢና ከደምቢዶሎ ሰዎች እንሻል ነበር። በነዚያ ወራት እኔ የምጠብቀው የሰርቨሮች ክላስተር ሊሞት ደርሶ ተርፏል። የምጽፈው በሌላ ከተማ እንዲህ ያለ ሥራ የያዘ ሰው አስቀድሞ እንዲዘጋጅ፣ ከደረሰበትም ተስፋ እንዳይቆርጥ ብዬ ነው። የተቋሙን ስም አልጠራም። ሰዎቹም እንዲጠሩ አይፈልጉም።

በክላስተሩ ላይ አምስት ፕሮጀክቶች ነበሩ፤ የተማሪዎች ምዝገባ፣ የኢንተርኔት ትምህርት፣ የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ፣ የቡና ምርምር መረጃ እና የክሊኒክ የሕሙማን መዝገብ። ቀድሞ እያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱን ኮምፒውተር ጠረጴዛ ሥር አስቀምጦ ይሠራ ነበር። አንዱ ሲበላሽ የሌላው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ሰባት ሰርቨሮችን አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስበን ኩበርኔትስ ጫንንባቸው። ኩበርኔትስ ጎግል እ.ኤ.አ. በ2014 በነፃ የለቀቀው ሶፍትዌር ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር ይታሸጋል፤ እሽጉ ኢሜጅ ይባላል፤ ከኢሜጁ ተነሥቶ የሚሠራው ደግሞ ኮንቴይነር ነው። ኩበርኔትስ ኮንቴይነሮቹን ቦታ ባለበት ሰርቨር ላይ ያስቀምጣል፤ አንዱ ሰርቨር ቢሞት ወደ ሌላው ይወስዳቸዋል። ከሰባቱ ሰርቨሮች ሦስቱ ማስተር ናቸው፤ የክላስተሩን መዝገብ ይይዛሉ። አራቱ ዎርከሮች ሥራውን ይሠራሉ።

ኢንተርኔት ከጠፋ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም አልሆነም። ፕሮግራሞቹ በግቢው ኔትወርክ ላይ ስለሚሠሩ ተማሪ ይመዘገባል፣ ነርስ መዝገብ ትከፍታለች። ገናም አለፈ። እንዲያውም አንዳንዶች መጥተው አመስግነውናል።

ከጥምቀት በኋላ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ ጥቂት ያዘ፤ ጄኔሬተሩ ናፍጣው እስኪያልቅ ሠራ፤ ከዚያ ሁሉም ጠፋ። መብራቱ ሌሊት ሲመለስ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ይል ነበር። ሁለት ሰርቨሮች አልተነሡም፤ አንድ ማስተርና አንድ ዎርከር። የሁለቱም ዲስክ ተበላሽቷል።

የተረፉት አምስቱ ተነሡ፤ በላያቸው ላይ ያሉት ፕሮግራሞች ግን አልተነሡም። ስክሪኑ ላይ ከእያንዳንዱ ፕሮግራም ስም ጎን ኢሜጁን ማውረድ አልተቻለም የሚል መልእክት ተደርድሯል። ምክንያቱ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ፕሮጀክቶቹ ሲገቡ ይዘውት በመጡት ቅንብር መሠረት ኮንቴይነር በተነሣ ቁጥር ኢሜጁ ውጭ አገር ካለው ማከማቻ ጋር ይመሳከራል፤ ማከማቻው ካልተገኘ፣ ኢሜጁ እዚያው ዲስኩ ላይ ቢኖርም እንኳ ኮንቴይነሩ አይነሣም። ይህኛው አንዲት መስመር በመቀየር ይስተካከላል። ሁለተኛው ይከፋል። ዲስክ 85 በመቶ ሲሞላ ኩበርኔትስ የማይሠራባቸውን ኢሜጆች በራሱ ያጠፋል፤ ኢንተርኔት ባለበት አገር መልሶ ማውረድ ቀላል ነው ተብሎ የተሠራ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ኢሜጅ ከአንዱ ሰርቨር ጠፍቶ ሌላው ላይ አለ፤ አንዳንዱ የነበረው በሞተው ዎርከር ላይ ብቻ ነው።

ያን ሌሊት ፈራሁ። የክላስተሩ መዝገብ ኢቲሲዲ በሚባል ቋት ውስጥ ይቀመጣል፤ ከሦስት ማስተሮች ሁለቱ ካልተስማሙ አዲስ ነገር አይጽፍም። የቀሩን ሁለት ብቻ ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ቢወድቅ የተነሣው ፕሮግራም ባለበት ይቀጥላል፤ የወደቀውን ግን ማንሣትም ማዛወርም አይቻልም። መለዋወጫ ሰርቨር የለንም። አዲስ አበባ ድረስ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

በማግስቱ ጠዋት የአምስቱን ፕሮጀክቶች ኃላፊዎች ሰበሰብን። ሁኔታውን ነገርኳቸው፤ ከዎርከሮቹ አንዱን አፍርሰን ሦስተኛ ማስተር ማድረግ አለብን፣ ያኔ የሚቀሩት ሁለት ዎርከሮች ለአምስት ፕሮጀክት አይበቁም። ኩበርኔትስ ቦታ ሲጠበው ማን ይቅደም የሚለውን ሰው ካልነገረው በስተቀር ሁሉን እኩል ያያል፤ ቀድሞ ለተሰለፈው ይሰጣል። የክሊኒክ መዝገብና የመጽሐፍ ዝርዝር ለእሱ አንድ ናቸው። እስከዚያ ቀን ደግሞ ቅደም ተከተሉን ማንም አልወሰነም ነበር፤ ቦታ ስለተረፈ ጥያቄው ተነሥቶ አያውቅም።

መጀመሪያ ሁሉም የራሱን ተናገረ። ምዝገባው ሴሚስተር ሊዘጋ ነው። የኢንተርኔት ትምህርቱ ላይ መምህራን የቤት ሥራ አስቀምጠዋል። የቡናው ምርምር መረጃ የሁለት ዓመት ልፋት ነው። ማንም ውሸት አልተናገረም። እንዲህ ያለ ስብሰባ አውቃለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ኮሚቴ ተቋቁሞ ነው የሚበተነው።

የቤተ መጻሕፍቷ ኃላፊ እስከዚያ ዝም ብለው ነበር። ዕድሜያቸው የገፋ ነው፤ ሁላችንም አዴ እንላቸዋለን። “የኛን አጥፉት” አሉ። “መጽሐፎቹ መደርደሪያ ላይ ናቸው። የድሮው ካርድም አልተጣለም፣ መሳቢያውን እኔ አስወጣለሁ።” ከዚያ ወደ እኔ ዞረው “ስታጠፋው ግን እንዳይጠፋ አድርገህ ነው” አሉኝ። መረጃውን ሳናጣ ፕሮግራሙን ብቻ እናቆማለን ማለታቸው ነው፤ ነገሩን ከብዙዎቻችን በተሻለ ተረድተውታል።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ተለወጠ። የቡና ምርምሩ ኃላፊ የመስክ ሰዎቻቸው እስኪመለሱ እንደሚታገሡ ተናገሩ። የኢንተርኔት ትምህርቱ መምህር በወረቀት ለመስጠት ተስማሙ። ምዝገባው ቀን ቀን ብቻ እንዲሠራ ሆነ። የክሊኒኩ መዝገብ ከሁሉ በፊት እንዲቀድም ተወሰነ፤ ይህን የጠየቀው ደግሞ የክሊኒኩ ሰው አልነበረም። ስብሰባው ከምሳ በፊት አለቀ። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ስለ ዲስክ ነበር የማስበው። ለሰርቨሮቹ የሚሆን ትእዛዝ ልጽፍ የቻልኩት አዴ ከተናገሩ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የምጽፈው ውሳኔ አልነበረም። ዛሬም ስለዚያ ጊዜ ሲጠይቁኝ የምጀምረው ከዚህ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ጀመርን። በቅድሚያ የኢቲሲዲውን ቅጂ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ወሰድን። ከዚያ ዎርከሩን ከማፍረሳችን በፊት በውስጡ ያሉትን ኢሜጆች አንድ በአንድ ዘረዘርን፤ ከሌሎቹ ሰርቨሮች የጠፉት የምዝገባውና የኢንተርኔት ትምህርቱ ኢሜጆች እዚያ ተገኙ። ሁሉንም ወደ ፋይል አወጣናቸው። ፖዝ የምትባለውን፣ ከአንድ ሜጋባይት የማትሞላ ኢሜጅም አልተውናትም። እሷ ከሌለች አዲስ በተጫነ ሰርቨር ላይ አንድም ኮንቴይነር አይነሣም።

ሦስተኛውን ማስተር ስንጨምር መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ነገር ነበር፤ ሌላውም እንዲጠነቀቅበት በዝርዝር እናገራለሁ። የሞተውን ማስተር ከኢቲሲዲ መዝገብ ሳይሰርዙ አዲስ ቢጨምሩ፣ መዝገቡ አባላቱን አራት ብሎ ይቆጥራል፤ ለስምምነት ሦስት ያስፈልጋል፤ በሕይወት ያሉት ሁለት ናቸው። አዲሱ ሳይሳካለት ቢቀር ሁሉም ይቆማል። ስለዚህ የሞተውን ቀድመን ሰረዝን፣ ከዚያ አዲሱን ጨመርን። አዲሱ ተቀላቅሎ ሦስቱም ደህና ናቸው የሚለው መልስ ሲመጣ አብሮኝ የነበረው ልጅ “ተመስገን” ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ከዎርከሮቹ አንዱ ላይ የራሳችንን የኢሜጅ ማከማቻ አቋቋምን። ፕሮጀክቶቹ ሁሉ ከእሱ እንዲወስዱ፣ ኢሜጁ ዲስኩ ላይ ካለም ውጭ እንዳይጠይቁ አደረግን።

አንድ ኢሜጅ ግን ከየትም አልተገኘም፤ የክሊኒኩ መዝገብ። የነበረው በሞተው ዎርከር ላይ ብቻ ነው። ካርድ ክፍሉ ውስጥ ሰዎች የሕሙማንን ፋይል በእጅ ይፈልጉ ጀመር። አዲስ አበባ ወደሚኖር የሙያ ጓደኛዬ ደወልኩ። አውርዶ በፍላሽ ላይ ጫነና ወደ ነቀምት ለሚመጣ አውቶቡስ ረዳት ሰጠው። በዚያ ሰሞን ከጊምቢና ከነጆም ደብዳቤ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነበር፤ መናኸሪያው ፖስታ ቤት ሆኗል። ፍላሹ ማታ ደረሰ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በፌስታል ታስሮ።

ፋይሉ በመንገድ አለመበላሸቱን ማረጋገጥ ነበረብን። ከፋይሉ የሚሰላ 64 ፊደላትና አኃዞች ያሉት መለያ አለ፤ አንድ ቢት ቢለወጥ መለያው ይለወጣል። ጓደኛዬ በስልክ ያነባል፣ እኔ እደግማለሁ፤ “ዘጠኝ፣ ኤፍ፣ ሁለት፣ ሲ...”። መሐል ላይ መስመሩ ይቋረጣል፤ እንደገና እንደውልና ካቆምንበት እንቀጥላለን። “ቢ” እና “ዲ” በስልክ አይለዩም፤ ስለዚህ “ቢ እንደ ቡና፣ ዲ እንደ ደሴ” እያልን ጨረስን። መለያው አንድ ሆነ። ኢሜጁን ጫንነው፤ የክሊኒኩ መዝገብ ተነሣ። ጠዋት ካርድ ክፍሉ ሲከፈት የመጀመሪያዋ ታካሚ በስሟ ተፈልጋ ተገኘች። እግዚአብሔር ይመስገን።

በየካቲት መጨረሻ ሌላ ነገር ቀረበ። የክላስተሩ ክፍሎች እርስ በርስ የሚተማመኑባቸው ሰርተፍኬቶች የሚያገለግሉት ለአንድ ዓመት ነው። ኩበርኔትስን ወደ አዲስ ቅጂ ያሸጋገረ ሰው ሰርተፍኬቱ አብሮ ይታደስለታል፤ እኛ ግን ኢንተርኔት ስለሌለን ማሸጋገር አልቻልንም። ደግነቱ የሚፈርማቸው ቁልፍ እዚያው ማስተሩ ላይ ነው፤ በትእዛዝ አደስናቸው። የሰርቨሮቹ ሰዓትም እንዳይለያይ አንዱን ማስተር የሁሉም ሰዓት መነሻ አደረግነው።

መጋቢት 4 ቀን በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ ተገኘ፤ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። እኛ ዜናውን የሰማነው በሬዲዮና በቴሌቪዥን ነው። መጋቢት 22 ኢንተርኔት ሲመለስ የቤተ መጻሕፍቱ ካታሎግ ገና እንደቆመ ነበር፤ ዲስክ ተገዝቶ የሞተው ዎርከር ሲጠገን አንድም መጽሐፍ ሳይጎድል ተነሣ። የራሳችንን ማከማቻ ግን አላፈረስነውም። አዲስ ኢሜጅ ወደ ክላስተሩ የሚገባው መጀመሪያ እዚያ ሲቀመጥ ብቻ ነው፤ ፕሮጀክቶቹም በዚያ ስብሰባ የተስማሙበት ቅደም ተከተል በቅንብሩ ውስጥ ተጽፎ ቀረ።

በግንቦት ከጊምቢ የሥራ ባልደረባ ሃርድ ዲስክ ይዞ መጣ። እነሱ ጋ ስልክም ስላልነበረ ክላስተራቸው በየካቲት ቆሞ እስከ ሚያዝያ አልተነሣም። ኢሜጆቹን ሁሉ፣ ፖዝንም፣ የማከማቻውን ቅንብርም ገልብጠን ሰጠነው። ሰኔ 22 ምሽት ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ፤ በማግስቱ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ። በዚያው ሰሞን ነቀምት ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰርቨሮቹ ኢሜጃቸውን ከራሳችን ማከማቻ ወስደው በቅደም ተከተላቸው ተነሡ፤ ክሊኒኩ አንደኛ። የጊምቢው ባልደረባም የእነሱ ክላስተር እንዳልቆመ ከጊዜ በኋላ ነገረኝ።