ከፍል ውሃ እስከ ጓሮው መታጠቢያ ቤት

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በገላ መታጠቢያ ምክንያት ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ ተራራ ላይ ከተማቸውን አድርገው በነበረ ጊዜ፣ ወደ ፊንፊኔ ሜዳ እየወረዱ በፍል ውሃው ይታጠቡ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌይቱ በዚያ ያለውን መስክ ወደውት ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ ቤቱ ተሠራ፤ ሥፍራውም «አዲስ አበባ» ተባለ። መኳንንቱም ቀስ በቀስ ከብርዳሙ ተራራ እየወረዱ በዙሪያው ሰፈሩ። እንግዲህ ይህች ታላቅ ከተማ የበቀለችው ከሙቅ ውሃ ዳር ነው ማለት ነው።

እኔ ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ፍል ውሃ የሄድሁት ግን ታሪክ ለመመርመር አልነበረም። እናቴ ከገጠር መጥታ እኔ ዘንድ ተቀምጣ ነበር። ቁርጥማት ጉልበቷን ይዟት ሌሊቱን ስትገላበጥ ታድራለች። እኔም ከአንዲቱ ክፍል ውስጥ አብሬያት ሳልተኛ አድሬ፣ በማግሥቱ ቢሮ ስገባ ዓይኔ ይከደናል። ጎረቤቶች «ፍል ውሃ ውሰዳት» ብለው መከሩኝ። አንድ ቅዳሜ ማለዳ ፎጣና ሳሙና ይዘን ወረድን።

ከእኛ በፊት የደረሰ ሰው ብዙ ነበር። ሽማግሌው ምርኩዙን ተደግፎ፣ ተማሪው መጽሐፉን ገልጦ፣ የታክሲ ነጂው እያዛጋ፣ ሁሉም ተራውን ይጠብቃል። በቀዝቃዛው አየር ላይ እንፋሎቱ ይታያል። በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ማን ባለሥልጣን፣ ማን ተላላኪ እንደ ሆነ ለይቶ ለማወቅ ያስቸግራል፤ ፎጣ የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ይመስላል።

ተራችን ሲደርስ አንዲት ጎልማሳ አስተናጋጅ እናቴን ክንዷን ይዘው፣ «ይምጡ እማማ፣ ቀስ ይበሉ፤ ቀዝቃዛውን አስቀድሜ ሙቁን ጨምሬበታለሁ፤ አያቃጥልዎትም» እያሉ አስገቧት። እኔ ከውጭ ቀረሁ። ጥቂት ቆይተው ሲመለሱ፣

«እትዬ፣ ይህ ውሃ ለመሆኑ ምን መድኃኒት ቢኖርበት ነው ሰው እንዲህ የሚወደው?» ስል ጠየቅኋቸው።

«ሙቀቱ ነዋ ልጄ» አሉኝ። «ደግሞ እዚያ ክፍል የገባን ሰው እስኪወጣ ድረስ ማንም አይጠራውም። አንተን ቤትህ ሳትጠራ የምትውልበት ሰዓት አለህ?»

መልስ አላገኘሁም።

እናቴ ስትወጣ ፊቷ ወዝቶ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፈገግ ብላ ነበር። በዚያች ሌሊት እስከ ዶሮ ጩኸት ድረስ ተኛች። ጧት የመጀመሪያ ቃሏ፣ «ደግሞ መቼ ነው የምንሄደው?» የሚል ሆነ። እኔም የታክሲውን፣ የመታጠቢያውንና የቁርሱን ሒሳብ በልቤ ደመርሁ። በየሳምንቱ የሚቻል አልነበረም።

በዓለም ላይ ለዚህ ዓይነት ዕረፍት ብዙ ገንዘብ የሚያወጡ ሰዎች አሉ። ዛሬ «ስፓ» የሚባለው ቃል የተገኘው ቤልጅግ ውስጥ በምንጭ ውሃዋ ከታወቀች ከአንዲት ትንሽ ከተማ ስም ነው። በእኛም አገር ሶደሬ፣ ወንዶ ገነትና ወሊሶ በፍል ውሃቸው የታወቁ ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 የተከፈተው የአዲስ አበባው ሂልተን ሆቴል እንኳ የዋና ገንዳውን ከዚሁ ከከርሠ ምድሩ ሙቅ ውሃ ነበር የሞላው። ነገር ግን የሴትዮዋን ቃል ባሰላሰልሁት ቁጥር፣ ዕረፍቱ የሚገኘው ከእብነ በረዱ ሳይሆን ከሦስት ነገሮች መሆኑ ታየኝ፤ እነርሱም ሙቅ ውሃ፣ ንጹሕ ሥፍራና የተዘጋ በር ናቸው። እነዚህማ ከጓሮአችን ለምን አይገኙም?

የግቢያችን መታጠቢያ ቤት ለሰባት ቤተሰብ አንድ ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ሲሆን፣ ውስጡ ባዶ ጀሪካን፣ የተሰበረ ወንበርና ያረጀ መጥረጊያ ታጭቆበት ነበር። የቤቱን ባለቤት አስፈቅጄ ዕቃውን ሁሉ አወጣሁ። ወለሉን በበረኪና ፈገፈግሁት። በረኪናን ግን ከሌላ የማጽጃ መድኃኒት ጋር መቀላቀል መርዘኛ አየር ስለሚያስነሣ፣ ለብቻው በውሃ አቅጥኜ በሩን ከፍቼ ነው የሠራሁት። ግንቡን ኖራ ቀባሁ። ውሃ እንዳያዳልጥ የእንጨት ርብራብ አነጠፍሁ። አንድ በርጩማ፣ ለልብስ ሁለት ምስማር፣ እናቴ ይዛ የምትነሣበት ጠንካራ እጀታ፣ ለበሩም ከውስጥ መቀርቀሪያ አበጀሁለት። ሥራው ሁለት ቅዳሜ ፈጀ።

የውሃው ነገር ደግሞ ሒሳብ ይፈልጋል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። አንድ እጅ የፈላ ውሃ ከሁለት እጅ ቀዝቃዛ ጋር ቢቀላቀል 40 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ለገላ የሚስማማው ይህ ነው። ምን ጊዜም ቀዝቃዛው ይቀድማል፤ ከዚያም በክርን ይሞከራል። ከሚፈላው ውሃ ውስጥ የባሕር ዛፍ ቅጠል ወይም ጠጅ ሣር ጣል ቢደረግበት እንፋሎቱ ደረትን ይከፍታል። ባኞ የሌለው ሰው እግሩን እስከ ባቱ በሳፋ ነክሮ፣ ትከሻውን በፎጣ ሸፍኖ፣ ውሃውን በጣሳ እያፈሰሰ ቢቀመጥ ይበቃዋል።

አሁን የማፍርበትን ነገር ልናገር። በሦስተኛው ቅዳሜ ብርድ ስለ ነበር፣ ክፍሉ ይሙቅላት ብዬ ከሰል ያለበት ምድጃ አስገባሁና፣ ነፋስ እንዳይገባ የመስኮቱን ቀዳዳ በጨርቅ ደፈንሁት። ዕጣንም ጨመርሁበት። ጥቂት ቆይቶ «እማዬ» ብላት መልሷ ደከመብኝ። የቤቱ ባለቤት ሰምተው፣ «ክፈት! ከሰሉን አውጣው!» ብለው ጮኹብኝ። ደጋግፈን ወደ ደጅ አወጣናት። ራሷን አዙሯት አስመለሳት፤ ሐኪም ዘንድ ወስደናት በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ሆነች። ከሰል ሲነድድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው አየር ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። በተዘጋ ቤት ያለ ሰው እንቅልፍ የመጣበት መስሎት ይሞታል። በሰሜኑ አገራችን እናቶች ወይባ ሲሞቁም ሆነ ዕጣን ሲጨስ፣ አየር የሚወጣበትና የሚገባበት ቀዳዳ የግድ ያስፈልጋል። ከሰሉማ ቢቻል ከደጅ ይቅር፤ ሙቀቱ ከውሃው ይበቃል።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያለውም ሰው ባለሙያ የመሬት ሽቦ ሳያስገባለት በእርጥብ እጁ አይንካው። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበትና ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ወደ ሙቅ ውሃ ከመግባታቸው በፊት ሐኪም ይጠይቁ። ለጤነኛው 10 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ከመኝታ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ መታጠብ መልካም ነው፤ ሰውነት ከሙቀቱ በኋላ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ እንቅልፍ ይጠራልና። ከዚያም በኋላ ብድግ ማለት ያዞራል፤ ቀስ ብሎ መነሣትና አንድ ብርጭቆ ውሃ መጠጣት ይገባል።

የጨርቁን ውታፍ ነቅዬ፣ ከሰሉን ትቼ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ጀመርን። የእናቴ ጉልበት ፈጽሞ አልዳነም፤ ሌሊቷ ግን ቀለላት። ሌሎቹም ጎረቤቶች አይተው ተከተሉን። ቅዳሜ የእኛ፣ እሑድ ጧት የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ፣ ሮብ ማታ የነርሷ እየተባለ ተራ ወጣ። ከማዶ ያለችው ጎረቤታችን ስትወልድ ሁላችንም ተራችንን ለአራሷ ለቀቅንላት።

እናቴ ወደ አገሯ ስትመለስ የተናዘዘችኝ አንድ ነገር ነው፤ «ያንን ክፍል ደግማችሁ የጀሪካን መጋዘን እንዳታደርጉት።» እስከ ዛሬ ድረስ አላደረግነውም። በሩም ሲዘጋ ማንም አያንኳኳም።