ጠብታን አትናቁ

ልጆች ሆይ፤ ጥፋት ሁሉ በትልቅ ድምፅ የሚመጣ አይምሰላችሁ። ጎርፍ ሲመጣ ከሩቅ ይሰማል፤ ሰውም ይሸሸዋል። ጠብታ ግን ድምፅ የለውም። ማድጋ በስንጥቁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንጠባጥብ የቤቱ ሰው ተኝቶ ያድራል፤ ጧት ውኃ ሊቀዳ ሲሄድ ማድጋውን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ እንዲህ ያለ ጠብታ ነው፤ ነገር ግን ከማድጋ ሳይሆን ከአውቶሞቢል የወጣ ነው።

የአውቶሞቢል ሞተር በውስጡ ነዳጅ እየተቃጠለ የሚሠራ ስለ ሆነ እጅግ ይግላል። ሙቀቱ ካልወጣለት ብረቱ ይጣመማል፤ ሞተሩም ይበላሻል። ስለዚህ ሠሪዎቹ በሞተሩ ብረት ውስጥ የውኃ መንገድ አበጁለት። ውኃው ከሞተሩ ሙቀቱን ይቀበልና በወፍራም የጎማ ቱቦ አልፎ ራዲያተር ወደሚባለው ዕቃ ይሄዳል። ራዲያተር በአውቶሞቢሉ ፊት የቆመ፣ ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ያሉት ነው፤ ነፋስ በመካከላቸው ሲያልፍ ውኃው ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘውም ውኃ በሌላ የጎማ ቱቦ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሞተሩ እስኪቆም ድረስ እንዲህ ሲመላለስ ይውላል።

ራዲያተሩ ክዳን አለው። የክዳኑ ሥራ ውኃው እንዳይፈስ መከልከል ብቻ አይደለም። ውኃ በባሕር ዳርቻ ባለ አገር በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ግን የአየሩ ክብደት ስለሚያንስ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሞተር ውኃ በሥራ ላይ ሳለ 90 ዲግሪ ያህል ይደርሳል፤ ዳገት ሲወጣም ከዚያ ያልፋል። ክዳኑ አጥብቆ አምቆ ስለሚይዘው ውኃው ከ100 ዲግሪ በላይ ቢግል እንኳ ሳይፈላ ይቆያል። ቱቦው ቢያንጠባጥብ ግን ውኃው ይጎድላል፤ መታመቁም ይላላል። ስለዚህ በደጋ አገር የሚነዳ ሰው ይህን ጠብታ ከሌላው ይልቅ ሊፈራው ይገባል።

በ2011 ዓ.ም. በጾም ወራት እናቴን ከደጀን ወደ አዲስ አበባ ለሕክምና ላመጣቸው አስቤ ነበር። መንገዱ የዓባይን ሸለቆ ያቋርጣል። ከጎሐ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ድልድዩንም ተሻግሮ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። ልሄድ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ ጧት ጧት ከአውቶሞቢሌ ሥር ስሙኒ የምታህል አረንጓዴ እርጥበት አየሁ። ማታ ንጹሕ ካርቶን ከሥሩ አነጠፍሁ፤ ጧትም ካርቶኑ ረጥቦ አገኘሁት። ኮፈኑን ከፍቼ ብመለከት የላይኛው ቱቦ ከራዲያተሩ አንገት ጋር በሚገናኝበት ስፍራ፣ በማጥበቂያው ቀለበት ዙሪያ፣ እንደ ጨው የደረቀ ነገር ተጋግሮበታል።

አንድ ጎረቤቴ ይህን አይቶ፣ «በሌሊት አንድ ሁለት ጠብታ ምን ያደርጋል? አንድ ጀሪካን ውኃ ይዘው ይሂዱ፤ ሲጎድል ይጨምሩበታል» አለኝ። ምክሩ ከደግነት የመጣ ነበር፤ ገንዘብ አያስወጣም፣ ጊዜም አይፈጅም። እኔ ግን በዚያ ዳገት ላይ የሚቀመጡት እናቴ እንደ ሆኑ አሰብሁና ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሄድሁ።

ሽማግሌው ከሰላምታ በኋላ፣ «የኔታ፣ ሞተሩ ገና ትኩስ ነው፤ እስኪበርድ ቁጭ ይበሉ» አሉኝ። ስለ ምን መጠበቅ እንዳስፈለገ ብጠይቃቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው ከእጃቸው እስከ ክርናቸው የደረሰ ጠባሳ አሳዩኝ። በጎልማስነታቸው የጋለ ራዲያተር ክዳን ከፍተው የታመቀው ውኃ እንደ ፏፏቴ ዘሎ አቃጥሏቸው ነበር። እኔም ዝም ብዬ ተቀመጥሁ።

ከበረደ በኋላ ገበቴ ከሥሩ አኑረው ውኃውን አወረዱት። የቀለበቱንም ብሎን በካቻቢቴ አላሉ፤ ቱቦው ግን ከአንገቱ ጋር ተጣብቆ አልወጣ አለ። አብሯቸው የሚሠራው ልጅ በካቻቢቴ ሊፈለቅቀው እጁን ቢዘረጋ፣ «ተው ልጄ፣ አንገቱ ፕላስቲክ ነው፤ እርሱ ከተሰነጠቀ ቱቦ ልንለውጥ መጥተን ራዲያተር ልንገዛ ነው» ብለው ከለከሉት። ከዚያም አንገቱን እንዳይቧጥጡ ተጠንቅቀው ቱቦውን በስለት በቁመቱ ሰንጥቀው አወጡት።

እኔም፣ «ጋሼ፣ ቀለበቱን ብቻ ቢያጠብቁት አይበቃም ነበርን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው አሮጌውን ቱቦ አጠፍ አድርገው አሳዩኝ። ቀለበቱ በነበረበት ስፍራ እንደ ጠጕር የቀጠኑ ስንጥቆች ነበሩበት፤ በጣት ሲጫኑትም ይሰምጣል። «ቀለበት ጤነኛ ጎማን ይይዛል፤ የሞተን ጎማ ግን ይቆርጣል» አሉኝ።

ከዚህ በኋላ በአንገቱ ላይ የተጋገረውን በላመ የብርጭቆ ወረቀትና በጨርቅ ጠርገው አጸዱት። የአዲሱን ቱቦ ጫፍ በዘይት ሳይሆን በውኃ አራሱት፤ ዘይት ጎማን ያበሰብሳልና። ቱቦውን በአንገቱ ጫፍ ካለችው ከንፈር አሳልፈው እስከ መጨረሻው አስገቡት፤ አዲሱንም ቀለበት በከንፈሯ ላይ ሳይሆን ከከንፈሯ ወዲያ አኑረው ጎማውን እንዳይበላው በልክ አጠበቁት። ኩላንት የሚባለውን ፈሳሽ ከንጹሕ ውኃ ጋር እኩል ቀላቅለው ሞሉ። ይህ ፈሳሽ ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል፤ ውኃውም ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። ክዳኑ እንደ ተከፈተ የቀዘቀዘውን ሞተር አስነሥተው በውስጡ የቀረው አየር እየተንቦጫረቀ ሲወጣ የጎደለውን ጨመሩበትና ከደኑት።

ከገበቴው ያለውን አሮጌ ፈሳሽም በጀሪካን ገልብጠው አፉን ዘጉት። ልጆች ሆይ፤ ይህን ልብ በሉ። ኩላንት ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፤ ነገር ግን ብርቱ መርዝ ነው። ሰውንም ውሻንም ይገድላልና አትቅመሱት፤ ቢነካችሁም ታጠቡ።

ሒሳቤን ከፍዬ ልሄድ ስል ሽማግሌው፣ «የኔታ፣ ሥራው ገና አላለቀም። ነገ ጧት ካርቶኑን አይተው ይንገሩኝ» አሉኝ። በነጋታው ካርቶኑ ደርቆ አደረ፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ።

እናቴን ይዤ ስመለስ የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ወደ ጎሐ ጽዮን ስንወጣ፣ በዳገቱ እኩሌታ ላይ አንድ አውቶሞቢል ኮፈኑን ከፍቶ እንፋሎት እያጨሰ ቆሞ አየን። አንድ ወጣት ጨርቅ በእጁ ጠቅልሎ ክዳኑን ሊከፍት ጎንበስ ብሏል። እኔም በመስኮት፣ «ተው! አትንካው!» ብዬ ጮኽሁ። ወጣቱም ደንግጦ እጁን ሰበሰበ። ወርደን ነገሩን ብንጠይቅ ሾፌሩ፣ «ጥቂት ጥቂት ማንጠባጠብ ከጀመረ ሰንብቷል፤ ውኃ እየጨመርንበት እንሄድ ነበር» አለን። አንድ ሰዓት ያህል ጠብቀን፣ ሲበርድ ውኃ ሞላንለት፤ ሞተሩ ግን አልነሣ አለ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ሕፃን ያዘለች ሴት ነበረች፤ እናቴ ጠጋ ብለው ከጎናቸው አስቀመጧት። የቀሩት ሌላ መኪና እስኪያገኙ ድረስ በዚያ ሐሩር ቆመው ቀሩ።

ልጆች ሆይ፤ በሰውም ልብ እንዲህ ያለ ጠብታ አለ። ከባልንጀራ ተወስዶ ያልተመለሰ እርሳስ፣ ለእናት የተነገረች ትንሽ ሐሰት፣ ነገ አደርገዋለሁ ተብሎ የታለፈ ትምህርት፣ እነዚህ ሁሉ ጠብታዎች ናቸው። አንዱን ሐሰት በሌላ ሐሰት የሚሸፍን ልጅ በሚያፈስ ራዲያተር ላይ ውኃ እንደሚጨምር ሾፌር ነው፤ መጨመር መጠገን አይደለምና። የበሰበሰውን ልማድ ሳይተው በመሐላ ብቻ የሚጠብቅ ሰውም በሞተ ጎማ ላይ ቀለበት እንደሚያጠብቅ ነው። ከባልንጀራችሁ ጋር ብትጣሉ ደግሞ ቍጣው ሳይበርድ ነገሩን አትክፈቱት፤ ያቃጥላችኋልና። ሲበርድ ግን ሳትከፍቱት አትተዉት። ካስተካከላችሁትም በኋላ በነጋታው መርምሩት።

ከአባታችሁም ሆነ ከጎረቤታችሁ አውቶሞቢል ሥር እርጥበት ብታዩ በእጃችሁ ሳትነኩ ለባለቤቱ ፈጥናችሁ ንገሩ። ሕፃን ነኝና አይሰሙኝም ብላችሁ ዝም አትበሉ። ጠብታው ገና ጠብታ ሳለ የሚያስፈልገው አንድ ቱቦና አንድ ቀለበት ነው።