ጊኒር ምን የሚታይ አለ?

ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ጊኒር ሲደርስ ይህቺን ጥያቄ ሳይጠይቅ አያልፍም፤ «እዚህ ምን የሚታይ አለ?» እኛም እጃችንን ከከተማ ውጭ እንዘረጋለን። «ሶፍ ዑመርን አየህ? ድሬ ሼህ ሁሴንስ?»

በእርግጥ የሚያኮሩ ናቸው። ዌይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጠላለፍ ዋሻ አበጅቷል። ዓምዶቹን ያየ ሰው «ግንበኛው ማነው?» ቢል አይፈረድበትም። ሁለቱም ስፍራዎች በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ ጊዜያዊ መዝገብ ገብተዋል። የባሌ ተራሮች ፓርክ እንኳ በ2016 ዓ.ም. ከዋናው መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

እኔን የሚከነክነኝ ግን የራሷ የጊኒር ነገር ነው። ይህቺ ከተማ እኮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ ነበረች! የደጋው ሸቀጥና ከሱማሌ ጠረፍ በግመል የመጣው እዚህ ይገናኝ ነበር። አሁን እንግዳውን ገበያው መሀል አቁሞ «ቅፍለቱ የሚራገፈው እንዲህ ባለው ስፍራ ነበር» የሚል አስጎብኚ እስካሁን አላጋጠመኝም። ሁሉም መኪናውን አስነስቶ ወደ ዋሻው ይከንፋል። (ዋሻው የትም አይሄድ!) የሚሄዱትስ ከአያቶቻቸው የሰሙትን የያዙት ሽማግሌዎች ናቸው፤ አንድ በአንድ እያለቁብን ነው።

ሙዚየም ይሠራ አላልኩም። አንድ ጎበዝ ተማሪ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ቢቀመጥ ምናለ? የቡናውን እኔ እችላለሁ።