ብሳናው ሲያብብ ማን ቤት ይውላል!

ድሮ በእኛ አገር፣ በጎጃም፣ አበባ ተራውን ጠብቆ ነበር የሚመጣው። እኛ ልጆች ደግሞ ከአንዱም አንቀርም! መስቀል ሲደርስ አደይና መች ሜዳውን ቢጫ ያደርጉታል። እነሱ ሳይረግፉ ዋንዛው ነጭ ይለብሳል። ገና ሲቃረብ ግራዋው ይቀበላል፤ የበልግ ዝናብ ጠብ ሲል ደግሞ ብሳናው ይከተላል። ንቦቹም እኛም ከዛፍ ዛፍ ስንዞር ዓመቱ ያልቅ ነበር።

ዋንዛ ሲያብብማ ጉድ ነበር! አበባው ስስ ነው፤ ትንሽ ነፋስ ከነካው ይረግፋል። ከሥሩ እየለቀምን በየጣታችን እንሰካዋለን፤ አስር ጣት፣ አስር አበባ። ከዚያ «ሙሽራ ነኝ» እያሉ መንጎራደድ ነው። አንዳንዱ አበባ ውስጥ ግን ሥራዋን ያልጨረሰች ንብ ትቀራለች፤ ያኔ ሙሽሪት ጩኸቷን ታቀልጠዋለች፣ ሚዜዎቹም በሳቅ ይወድቃሉ! አዋቂዎቹ ዋንዛ ሲያዩ በርና ከበሮ ነው የሚታያቸው። እኛ የምናየው ቆይቶ የሚመጣውን ፍሬ ነው፤ ጣትና ከንፈር የሚያጣብቀውን።

ግራዋን ደግሞ ማን ይረሳዋል? እናቶቻችን ጋን የሚያጥቡበት ቅጠሉ መራራ ነው፤ በስህተት የቀመሰ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲተፋ ይውላል። አበባው ግን ለንብ ድግስ ነው። ሜዳው ሁሉ በደረቀበት በጋ እሱ አብቦ ይጠብቃል። አያታችን በዚያ ሰሞን ቀፎው ሥር ቆመው ጆሯቸውን ቀና አድርገው ያዳምጡና «ሥራ ላይ ናቸው» ይሉናል። እኛም እንደሳቸው ጆሯችንን ቀና እናደርጋለን፤ የገባን ነገር ባይኖርም!

ቀፎውን ከቀርከሃ ሠርተው፣ በእበት መርገው፣ በወይራ ጭስ አጥነው ዛፍ ላይ ይሰቅሉታል። ከዚያ መጠበቅ ነው። የንብ መንጋ በላያችን ሲያልፍ ቆርቆሮ እየደበደብን እንከተላለን፤ «ንብ ገባ!» የተባለ ቀን ግቢው ሠርግ ቤት ይሆናል። ማር የሚቆረጠው በሌሊት ስለሆነ እንቅልፋችንን እየታገልን እንጠብቃለን። ጠዋት ዓይኑ ያበጠ ሁሉ የማር እንጀራ እያኘከ ይስቃል።

ጣዝማም ነበረች። ከመሬት ውስጥ የምትኖር፣ የማትናደፍ፣ ጥቃቅን ንብ! ቀዳዳዋን ያገኘ ልጅ ጀግና ነው። መንገዱ እንዳይጠፋ ቀጭን ሰንበሌጥ አስገብቶ እሱን እየተከተሉ መቆፈር ነው። ማሩ ለሳል መድኃኒት ነው ስለሚባል፣ በዚያ ሰሞን የማያስለው ልጅ ሁሉ ይስላል።

ዛሬስ? ዛሬ አዲስ አበባ ነኝ፤ እዚህም ደስታው አልጠፋም! ጃካራንዳው መንገዱን ወይን ጠጅ ሲያለብሰው ሥሩ ቆሜ ሽቅብ አያለሁ። ይኸውና ንብ! ጃካራንዳ ከደቡብ አሜሪካ፣ ግራቪሊያና ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጡ ናቸው። ንብ ግን ፓስፖርት አትጠይቅም፤ ጣፋጭ ፈሳሽና የአበባ ዱቄት ካለ ትገባለች።

አገር ቤት ስሄድ ቀፎው ዘምኗል። ፍሬም ያለው ሣጥን ሆኗል፤ ማሩ በመዘውር ተሽከርክሮ ይወጣና ሰሙ ሳይፈርስ ለንቦቹ ይመለሳል። ድሮ ቆርጠን የምናፈርሰውን እነሱ እንደገና ለመገንባት ስንት ይደክሙ ነበር! አያቴ ቢያዩት እልል ይሉ ነበር።

የተቋረጠው ግን የአበባው ተራ ነው። መቹን የፀረ አረም መድኃኒት ጨርሶታል። ብሳናው የነበረበትን ቦታ ባሕር ዛፍ ወርሶታል። ባሕር ዛፍ ራሱ ጥሩ የንብ ዛፍ ነው፤ ነገር ግን ገና ለጋ ሳለ ለአጣና ስለሚቆረጥ ለማበብ ፋታ አያገኝም። በመካከል አበባ የሌለበት ጊዜ ሲረዝም ደግሞ ንቡ ቀፎውን ጥሎ ይኮበልላል፤ ሣጥኑ ቢዘምንም ባዶ ሣጥን ነው። የሚጎዳው ማር ብቻ አይደለም። ኑግ በራሱ የአበባ ዱቄት ፍሬ ስለማይዝ ነፍሳት ዱቄቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ካላደረሱለት ዘይቱም የለም። ቡናም ንብ ስትጎበኘው የበለጠ ፍሬ ይይዛል።

ያለሚያብብ ዛፍ ማር እንደሌለ በከፋና በሸካ አሳምረው ያውቁታል። እዚያ ጌተም የሚባለው ትልቅ ዛፍ ሲያብብ ነጩ ማር ይመጣል፤ ስለዚህ ማር ቆራጩ ዛፉን እንደ ላም ይጠብቀዋል። የሚታለብ ነገር ማን ያርዳል?

አረንጓዴ ዐሻራ ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ችግኝ መትከል የክረምት ልማዳችን ሆኗል፤ እሰየው! እንግዲህ ዘንድሮ ችግኝ ስታነሡ «መቼ ነው የሚያብበው?» ብላችሁ ጠይቁ። ለመጸው ዋንዛ፣ ለበጋ ግራዋ፣ ለበልግ ብሳና ትከሉ፤ ተራው እንዲቀጥል። ያበበ ማሳ ላይ መድኃኒት የምትረጩም ንቦቹ ወደ ቀፏቸው እስኪገቡ፣ እስኪመሽ ጠብቁ። ሰፊ ቦታ የሌላችሁ በግራዋ ጀምሩ፤ ቅርንጫፉን ቆርጣችሁ አጥር ጥግ ብትሰኩት ይይዛል።