«ጠቅ» የሚለው ክዳንና የእኛ ቤት ቡቺ

በሥነ ልቦና ክፍለ ጊዜ ስለ ፓቭሎቭ ውሻ ያልሰማ ሰልጣኝ በመካከላችን ይኖራል ብዬ አልገምትም። ሩሲያዊው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ (እ.ኤ.አ. 1849–1936) ምግብ ከማቅረባቸው በፊት ድምፅ እያሰሙ፣ ቆይቶ በድምፁ ብቻ የውሻው ምራቅ እንዲወርድ ማድረጋቸውን ሁላችንም ለፈተና ሸምድደናል። በነገራችን ላይ የ1904ቱን የኖቤል ሽልማት ያገኙት ስለ ምግብ መፈጨት ባደረጉት ጥናት እንጂ ብዙ ሰው እንደሚመስለው በዚህ ሥራቸው አይደለም። ያም ሆነ ይህ የፓቭሎቭ ውሻ ታስሮ የቆመ ውሻ ነበር። እኔ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ግን ማሰሪያ ስለማያውቅ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ስለሚወረወር፣ ሲቀላ በሚገኘው ግቢያችን ስለሚያድር አንድ ትንሽ ውሻ ነው። ስሙ ቡቺ ይባላል። (የሰፈራችን ውሻ ግማሹ ቡቺ ነው።)

ቡቺ የመጣው ለጦጣ ነው። ማንጎ ያለው ቤት ሁሉ እንደሚያውቀው የአርባ ምንጭ ጦጣ ፍሬው እስኪበስል አይጠብቅም፤ አንዴ ነክሶ ይጥለውና ወደ ሌላው ይሄዳል። ቡቺ በዚህ በኩል አይታማም። ችግሩ ለጦጣውም፣ ለባጃጁም፣ ለእንግዳውም አንድ ዓይነት አቀባበል ማድረጉ ነው። አይናከስም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም ወስዷል። ግን ይዘላል። ከደስታ ይሁን ከድንጋጤ እሱ ያውቃል፤ ብቻ ጉልበት ላይ ይወጣል፣ ነጠላ ይጎትታል። ለብዙ ዓመታት ጠዋት ጠዋት ከእናቴ ጋር የቡና ቅጠል ሲጠጡ የኖሩት ጎረቤታችን እማማ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ከበር ተመለሱ። በሁለተኛው ቀን እናቴ «ለውሻ ብዬ ሰው አላጣም፤ ወይ ይታረም፣ ወይ ይሂድልኝ» አለች። ይሂድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ቤታችን ውስጥ የማያውቅ የለም። ጌታ የሌለው ውሻ መንገድ ላይ ዕድሜው አጭር ነው።

አባቴ መድኃኒቱ ዱላ ነው ባይ ናቸው። ዱላ ሲነሣ ቡቺ ዝም ማለቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የተማረው ዱላ የያዘ ሰው ሲያይ መደበቅን ነው። ያ ሰው ወደ ሥራው ሲሄድ በሩ ያው በር፣ ውሻውም ያው ውሻ ነው። ዱላ «ይሄን አታድርግ» ይላል እንጂ «በዚህ ፈንታ ይሄን አድርግ» ብሎ አያሳይም እኮ!

በዚህ መካከል ነው በትምህርታችን ላይ የምናውቃቸው ቢ. ኤፍ. ስኪነር ትዝ ያሉኝ። አሜሪካዊው ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1951 ስለ እንስሳት ማስተማር ባወጡት ጽሑፍ፣ ሲጫኑት ጠቅ የሚል የልጆች መጫወቻ ለዚህ ሥራ እንደሚያገለግል ገልጸው ነበር። በ1960ዎቹ ደግሞ ካረን ፕራየር የተባሉ ሴት በሃዋይ ዶልፊኖችን በፉጨት ያሠለጥኑ ነበር። ውሃ ውስጥ ያለውን ዶልፊን በዱላ አትደርሱበትም፣ በገመድም አትጎትቱትም፤ ስለዚህ ያለው መንገድ ደግ የሠራበትን ቅጽበት በድምፅ መንገርና ዓሣ መወርወር ብቻ ነው። ፕራየር ይህንኑ በ1984 በመጽሐፍ አወጡት፤ ከዚያ በኋላ ዘዴው ክሊከር በሚባል ትንሽ መሣሪያ ወደ ውሾች ተስፋፋ።

የፈረንጅ ቅንጦት ነው የሚል አይጠፋም። እዚሁ አፍሪካ ውስጥ፣ በታንዛኒያዋ ሞሮጎሮ ከተማ፣ ግዙፍ አይጦች በዚሁ የጠቅታ ድምፅ እየሠለጠኑ ፈንጂ ያሸታሉ። ከነሱ አንዱ፣ ማጋዋ የተባለው፣ በካምቦዲያ በሥራ ዘመኑ ከ100 በላይ ፈንጂዎችንና ያልፈነዱ ተተኳሾችን አግኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2020ም የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል። እንዲህ የሠለጠኑ አይጦች አዲስ አበባ ውስጥም የሳምባ ነቀርሳ ናሙና እንዲያሸቱ ተደርጓል። የአይጦቹ ሽልማት ሙዝ መሆኑን ሳነብ፣ እንግዲህ የአርባ ምንጭ ልጅ ነኝና፣ ሳቄ መጣ።

ምሥጢሩ ጊዜው ላይ ነው። ቡቺ ቁጭ ሲል እኔ ከኪሴ ቁራሽ እስካወጣ እሱ ተነሥቷል፣ ዞሯል፣ አንድ ጊዜም ጮኋል። ቁራሹን ሲያገኝ ለጩኸቱ የተከፈለው ይመስለዋል። «ጠቅ» የምትለው ድምፅ ግን ልክ ፎቶ እንደ ማንሣት ናት፤ መቀመጫው መሬት የነካባትን ቅጽበት ትይዝለታለች። ቁራሹ ትንሽ ቢዘገይም ለምን እንደመጣ ያውቃል።

መሣሪያው በእኛ ገበያ ስላልተገኘ የማርማላታ ጠርሙስ ክዳን ወሰድኩ። ጠርሙሱ አንዴ ከተከፈተ በኋላ የክዳኑ መሐል በአውራ ጣት ሲጫኑት ጠቅ ይላል። እስክሪብቶም ጠቅ ይላል፤ ነገር ግን አራት ተማሪ ባለበት ቤት እስክሪብቶ ከጠዋት እስከ ማታ ሲያንቋቋ ነው የሚውለው፤ ምግብ የማይከተለው ድምፅ ደግሞ ዋጋ የለውም። ውላችን «ጠቅ ካለ ቁራሽ አለ» የሚል ስለሆነ ታናናሾቼ ክዳኑን እንዳይነኩ አስማልኳቸው። ለሽልማት ከእራት የተረፈ ዓሣ፣ አጥንቱ በደንብ ተለቅሞ፣ ሽምብራ ሽምብራ እያከልኩ እቆርጣለሁ። ትልቅ ከሆነ ማኘክ ላይ ይቆይና ትምህርቱን ይረሳል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ምንም አላዘዝኩትም። ጠቅ፣ ቁራሽ፤ ጠቅ፣ ቁራሽ፤ አሥራ አምስት ጊዜ ያህል፣ በቃ። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ሦስት ደቂቃ፣ ማታ ሦስት ደቂቃ። በሦስተኛው ቀን ክዳኑ ሲሰማ ጦጣውን ትቶ ዞረ! ከዚያ ቁራሹን ከአፍንጫው በላይ ከፍ ሳደርገው አንገቱ ወደ ላይ፣ ወገቡ ወደ ታች ሆነ፤ ጠቅ አልኩ። «ተቀመጥ» የሚለውን ቃል ያስገባሁት ድርጊቱን ከለመደው በኋላ ነው። አስቀድሞ ቢነገረው ቃሉ ከአባቴ ቁጣ የተለየ ድምፅ አይሆንለትም ነበር።

አስቸጋሪው በሩ ነበር። ታናሽ ወንድሜ በውጭ ቆሞ በአንድ ጣት ብቻ፣ እንደ ሹክሹክታ፣ እንዲያንኳኳ አደረግሁ። ቡቺ ተወረወረ፣ ዘለለ፤ እኔ ዝም። አራቱም እግሮቹ መሬት የነኩባት አፍታ ስትመጣ ጠቅ። ኳኳታው ቀን በቀን እየጨመረ ሄዶ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ እንደ ፖሊስ በጡጫ ነበር የሚደበድበው። ጎረቤት ቤት ምን እንዳሰቡ እንጃ።

አባቴ ይህንን አይተው «ዝም የሚል ውሻ ለጦጣ ምን ይሠራል?» አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቡቺ የተማረው ግን ዝምታን አይደለም፤ በር ሲንኳኳ መቀመጥን ነው። ጦጣ ደግሞ በር አያንኳኳም፤ በጣሪያ ነው የሚመጣው። ጩኸቱ እዚያ እንዳለ አለ።

ስለዚሁ ጉዳይ ለአንድ መምህራችን ባጫውታቸው «ልጅ ግን ውሻ አይደለም፤ ልጅ ለምን ብሎ ይጠይቅሃል» አሉኝ። እስማማለሁ። ሆኖም በልምምድ ማስተማር ላይ ሳለን፣ ሳይታዘዝ ለጓደኛው ያስረዳውን ልጅ በጊዜው አይተን «ጎበዝ» የምንለው ስንቶቻችን ነን? አብዛኛውን ጊዜ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ለሁሉም በጅምላ እናጨበጭባለን፤ ልጁ ያኔ ደብተሩን እየሰበሰበ ነው።

እማማ ባለፈው እሑድ ጠዋት መጡ። በሩን ገፋ አድርገው አንድ እግራቸውን ብቻ አስገቡ። ቡቺ ቁጭ እንዳለ በጅራቱ አቧራውን ይጠርግ ነበር፤ መላ አካሉ ይንቀጠቀጣል፤ ግን አልተነሣም። ጠቅ አልኩ። እሳቸው ቁራሹን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ሰጡትና ወደ ውስጥ ገቡ። እናቴ ምንም ሳትናገር ሲኒ ጨመረች።

አሁን የቀረን ባጃጁ ነው። ከመንገዱ ሃያ እርምጃ ርቀን ጀምረናል። ትናንት ከመጡት ሰባት ባጃጆች አምስቱን ተቀምጦ አሳለፈ፤ ሁለቱን እስከ አጥሩ ጥግ ሸኛቸው። ክዳኑ ግን መልፈስፈስ ጀምሯል፤ ቤታችሁ የማርማላታ ጠርሙስ የሚጥል ያላችሁ ሰልጣኞች ክዳኑን ብታስቀምጡልኝ እወስዳለሁ።