ጋሼ የየት ሀገር ሰው ናቸው?

ባለፈው መስከረም፣ አንድ ቅዳሜ ከሳን ሆዜ በባርት ተሳፍሬ ኦክላንድ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ፍሩትቬል ጣቢያ ተቀበሉኝና አብረን ስንሄድ፣ መንገድ ዳር ማንጎ ከምትሸጥ ሴት ጋር በስፓኒሽ ወሬ ጀመሩ። ዋጋ መጠየቁን አልፈው መሳሳቅ ያዙ። ሴትየዋ ወደ እኔ ዞር ብላ «አባትሽ ከኩባ የት አካባቢ ናቸው?» አለችኝ።

ሳን ሆዜ ላደገ ልጅ ስፓኒሽ እንግዳ ስላልሆነ ጥያቄው ገባኝ። መልሱ ግን አልነበረኝም። ስለ ጋሼ የማውቀው እናቴ ሁልጊዜ የምትለውን ብቻ ነበር፦ «እሱ እኮ ውጭ ነው የተማረው።»

ውጭ የተባለው ለካ ኩባ ነው።

ማታ ቡና እየጠጣን ነገሩኝ። አያቴ ወታደር ነበሩ፤ ኦጋዴን ሄደው አልተመለሱም። ያኔ ጋሼ የሰባት ዓመት ልጅ፣ እናቴ ደግሞ ገና ጡት ያልጣለች ሕፃን ነበረች።

ታሪኩን እንደ እኔ ላልሰማችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ኢትዮጵያና ኩባ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። በ1977 መጀመሪያ ላይ ፊደል ካስትሮ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንና ዚያድ ባሬን ኤደን ላይ አገናኝተው ለማስታረቅ ሞክረው ነበር፤ አልሆነም። በዚያው ዓመት ሐምሌ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ። ኩባ ከ10 ሺህ በላይ ወታደሮች ላከች። በቀጣዩ ዓመት የካቲት 26 በካራማራ የተገኘው ድል ዛሬም ይከበራል።

ከድሉ በኋላ የሆነውን ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በጦርነቱ ወላጆቻቸውን ያጡ ከ2 ሺህ በላይ የኢትዮጵያ ልጆች ወደ ኩባ ተላኩ። የተቀመጡት ከዋናው ምድር በስተደቡብ ባለችው የወጣቶች ደሴት ነው። ደሴቲቱ ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ የመጡ ተማሪዎች አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩባት። ተማሪዎቹ ግማሹን ቀን ይማራሉ፣ ግማሹን ቀን የብርቱካንና የግሬፕፍሩት እርሻ ላይ ይሠራሉ። ጋሼ ሲሄዱ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። አያቴ ሁለት ልጅ ይዛ ገቢ አልነበራትም፤ «ቢያንስ እሱ ይበላል፣ ይማራል» ብላ ላከችው። ጋሼን ዳግመኛ አላየቻቸውም።

ጋሼ አድገው ነርስ ሆኑ። አዎ፣ ነርስ! ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ትምህርቴ ሳወራላቸው፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ቁስል አያያዝ ሳብራራላቸው፣ አንድ ቀን እንኳ «አውቀዋለሁ» ብለውኝ አያውቁም።

እ.ኤ.አ. በ1991 የላካቸው መንግሥት ወደቀ። በዚያው ዓመት ሶቪየት ኅብረት ፈረሰችና የኩባ ኑሮ ከፋ። ጋሼ አዲስ አበባ የገቡት በ1995 ነው። እናቴ ወንድሟን ያወቀችው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጃገረድ ሆና፣ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ነው። አማርኛው ተሰባብሮበት ነበር ትላለች። አሁን የእኔን አማርኛ ሲያርሙ ለምን እንደማይስቁብኝ ገባኝ።

ከዚያ ዲቪ ደርሷቸው አሜሪካ መጡ። የነርስነት ፈቃድ ለማውጣት የትምህርት ማስረጃው በቀጥታ ከተማሩበት ትምህርት ቤት መላክ ነበረበት። ዋሽንግተንና ሃቫና ግን እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 2015 ኤምባሲ አልነበራቸውም። ጋሼ ደብዳቤ ጻፉ፣ ጠበቁ፣ ደግመው ጻፉ። ወረቀቱ አልመጣም። የሚኖሩባት ኦክላንድ ከሳንቲያጎ ዴ ኩባ ጋር እህትማማች ከተማ ናት፤ ለዲፕሎማቸው ግን መንገድ አልነበረም። ከሃያ ዓመት በላይ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት በረዳትነት ሌሊት ይሠራሉ።

ስለ ዲፕሎማሲ ሳስብ መጨባበጥና ባንዲራ ነበር የሚታየኝ። ጋሼን ግን ሁለት መንግሥታት ሲስማሙ ነርስ አደረጓቸው፤ ሌሎች ሁለት መንግሥታት ሲኳረፉ ያንኑ ነርስነት ወሰዱባቸው።

«አይቆጭዎትም?» አልኳቸው።

ጥቂት ዝም አሉ። «ኩባ ከራሷ ጉሮሮ ነጥቃ አብልታ አስተምራኛለች። ክፉ አልናገራትም» አሉኝ። ከዚያ ስኒያቸውን አስቀምጠው «እናቴን ግን አልቀበርኩም» አሉ። «ሁለቱም እውነት ነው ልጄ። አንዱን ለማሳመር ብለሽ ሌላውን አትተይ።»

ይህን ምክር ለመፈተን ብዙ አልቆየሁም። አብራኝ የምታጠና ሶማሌ ጓደኛ አለችኝ። ይህን ጽሑፍ ልጽፍ ነው ስላት፣ የእሷም ቤተሰቦች በዚያው ጦርነት ከኦጋዴን ተሰደው ሞቃዲሾ መግባታቸውን ነገረችኝ። እኛ ቤት ድል የሚባለው ቀን እነሱ ቤት የስደት መጀመሪያ ነው። ምን እንደምላት አላውቅም ነበር፤ «ንገሪኝ» አልኳት እንጂ። ነገረችኝ። የዚያን ቀን ፋርማኮሎጂ አላጠናንም።

የዛሬ ዓመት ክረምት ከእናቴ ጋር አዲስ አበባ ነበርን። ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት፣ የትግላችን ሐውልት አለ። የሞቱት ኩባውያን ወታደሮች ምስል እዚያ ይታያል። እናቴ ረጅም ሰዓት ቆማ ፊታቸውን አንድ በአንድ ስታይ ሰለቸኝና «እንሂድ» አልኳት። አሁን ሳስበው፣ እነሱም የአንድ ሰው ጋሼ ነበሩ። እኔ ግን ስልኬን እያየሁ ነበር።

ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ጋሼ በየሳምንቱ በስልክ የሕክምና ስፓኒሽ ያስተምሩኛል። የት ያምዎታል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ቀስ ብለው ይተንፍሱ። ባለፈው ወር ሳን ሆዜ ውስጥ በተግባር ልምምድ ላይ ሳለሁ፣ ትንፋሽ ያጠራቸው አንዲት እናት ነበሩ። ነርሷ ኦክስጅኑን እስክታስተካክል እጃቸውን ይዤ «ሬህፒሬ ማ ደህፓሲዮ» አልኳቸው። ትምህርት ቤት ቢሆን «ሬስፒሬ ማስ ደስፓሲዮ» ይባላል፤ ጋሼ ግን እንደ ኩባውያን «ስ»ን ይውጧታል። ሴትዮዋ ትንፋሻቸው ሲመለስ ፈገግ ብለው «ኩባዊት ነሽ እንዴ?» አሉኝ።

«አይደለሁም፣ ኢትዮጵያዊት ነኝ። አጎቴ ናቸው ያስተማሩኝ» አልኩ።

ማታ ደውዬ ነገርኳቸው። ጋሼ በጣም ሳቁ። ከዚያ «እጇን ይዘሽ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ ስላቸው «ጎበዝ፣ እኛንም መጀመሪያ ያስተማሩን እሱን ነው» አሉኝ።

እናንተም ቤት «ውጭ ነው የተማረው» የሚባል ሰው ካለ፣ የት እንደሆነ ጠይቁ። ማንጎ ሻጭ እስክትጠይቃችሁ አትጠብቁ።